የተቆረጠው ቀስተ ደመና

አንድ የቆየ ጥፋት አለብኝ፤ በቀይ እስክሪብቶ የተሠራ። ዛሬ እሱን ልናዘዝ ነው፣ ያውም ንስሐ አባት ፊት ሳይሆን አንባቢ ፊት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ለተማሪዎቼ ስለ ታሪክ አጨራረስ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ልብ ወለድም ይሁን ተውኔት ወይም ፊልም መርጠው፣ ደራሲው ታሪኩን ለምን እዚያ ላይ እንዳቆመው፣ ማቆሙም የሚያስኬድ መሆን አለመሆኑን እንዲመረምሩ ነው። አብዛኞቹ እንደ ወጉ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን መረጡ። (ምን ያድርጉ! በበዛብህ ሞት ልቡ የማይባባ መምህር የለም፣ ማርክም በዚያው ትገኛለች።) አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ግን “ኦሳማ” ስለሚባል የአፍጋኒስታን ፊልም ጻፈች። ከየት እንዳገኘችው እግዜር ይወቀው። ያኔ ፊልም የሚያከራዩት ሱቆች የህንድና የአሜሪካ እንጂ የአፍጋን ፊልም አያውቁም። እኔ ደግሞ ከውጭ የመጣ ወዳጄ አምጥቶልኝ አይቼው ነበር።

ልጅቷ የፊልሙ ጨለማ አጨራረስ ትክክል ነው ብላ ተከራከረች። እኔም ወረቀቷ ግርጌ ላይ “ጥሩ ተጽፏል። ነገር ግን ፊልሙ ሲሠራ ታሊባን ወድቆ እንደነበር ዘንግተሻል። ይህ የትናንት አጨራረስ ነው” ብዬ በቀይ ጻፍኩና ቢ ሰጠኋት።

ሰሞኑን ፊልሙን እንደገና አየሁት። ለማየት የወጣሁት የወረድኩት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል። ዲስኩ አለ፣ ማጫወቻው ግን ከሞተ ቆይቷል። የልጄ ላፕቶፕ ደግሞ ዲስክ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። “አባዬ፣ ይሄ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው” አለችኝ። ብቻ በሰው በሰው ማጫወቻ ተገኘ። ፊልሙ አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም። ካለቀ በኋላ መብራት ሳላበራ ብዙ ተቀመጥኩ።

ላላያችሁት ልንገራችሁ። ዳይሬክተሩ ሲዲቅ ባርማክ ይባላል። ፊልሙ የወጣው በ2003 ነው (የአፍጋኑን ነገር ሳወራ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ)። የሚተርከው ስለ መጀመሪያው የታሊባን ዘመን ነው፣ ከ1996 እስከ 2001 ስለነበረው። በዚያች ካቡል ሴት አትማርም፣ አትሠራም፣ ያለ ወንድ ከቤት አትወጣም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች አሉ፦ አያት፣ እናትና አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ። ወንዶቹን ጦርነት በልቷቸዋል። እናትየው የምትሠራበት ሆስፒታል ይዘጋል። እንግዲህ ምን ይበሉ? ወንድ ከሌለ ወንድ መሥራት ነው። የልጅቷን ፀጉር ይቆርጡና የወንድ ልብስ ያለብሷታል። እሷም የተቆረጠውን ጉንጉኗን ወስዳ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ትተክለዋለች፣ ይበቅል ይመስል።

የአባቷ የጦር ጓደኛ የነበረ ሰው ሱቁ ያስገባታል። ብዙም አይቆይ፣ ታሊባኖች የሰፈሩን ወንድ ልጆች ሰብስበው ወደ ሃይማኖት ትምህርት ቤት ሲነዱ እሷም አብራ ትነዳለች። “ኦሳማ” የሚለውን ስም ያወጣላት ዕጣን እያጨሰ የሚለምን የጎዳና ልጅ ነው፣ ሊያድናት ብሎ። አላዳናትም። ልጆቹ ይጠረጥሯታል፣ ወንድነቷን ታስመሰክር ዘንድ ዛፍ ትወጣለች፣ ለቅጣት ጉድጓድ ውስጥ ትንጠለጠላለች። ከጉድጓዱ ስትወጣ የወር አበባዋ መጥቷል። ችሎት ቀርባ “ምሕረት” ይደረግላታል። ምሕረት የተባለው ለአንድ ሽማግሌ ሙላህ መሰጠቷ ነው። ሙላህው ሌሎች ሚስቶች አሉት፣ በር ተቆልፎባቸው የሚኖሩ። ለአዲሷ ሙሽራ ጓጉንቸሮቹን አውጥቶ ያሳያታል፣ ምረጪ ይላታል። ስጦታ ነው እንግዲህ! ፊልሙ ከዚያ ወዲያ ብዙም አይሄድ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ የጽሑፌ ዋና ነገር እሱ ነውና። ባርማክ ራሱ እንደተናገረው፣ ፊልሙ መጀመሪያ “ቀስተ ደመና” ሊባል ነበር፤ መጨረሻውም ተስፋ ነበረው። አያትየዋ ለልጅቷ የምትነግራት ተረት አለ፤ ቀስተ ደመና ሥር ያለፈ ልጅ፣ ወንድ ከሆነ ሴት፣ ሴት ከሆነ ወንድ ይሆናል። እኛ የማርያም መቀነት የምንለው ማለት ነው። ባርማክ የተስፋውን መጨረሻ ቆርጦ ጣለው። ተረቱ ቀረ፣ ጓጉንቸሩም ቀረ።

በ1997 ያናደደኝ ይኸው ነበር። ይህ ሰውዬ ፊልሙን የሠራው በነጻ አገር፣ በነጻ ካሜራ አይደለም እንዴ? ልጃገረዶች ቦርሳ አንግበው ትምህርት ቤት ሲሄዱ በመስኮቱ እያየ፣ ለምን ቀስተ ደመናውን ይነፍገናል? ደግሞ አጋጣሚውን እዩልኝ። “ኦሳማ” በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ጎልደን ግሎብ ያገኘው ጥር 25 ቀን 2004 ነው። በማግሥቱ፣ ጥር 26፣ ሐሚድ ካርዛይ አዲሱን የአፍጋኒስታን ሕገ መንግሥት ፈረሙ። ሴትና ወንድ በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል፤ የሴቶችን ትምህርት መንግሥት እንዲያስፋፋ ያዝዛል፤ በታችኛው ምክር ቤት ከ249 ወንበር ቢያንስ 68ቱ ለሴት እንዲሆን በር ከፍቷል። አንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ታዲያ ከዚህ የበለጠ ምን አጨራረስ ይፈልጋል? ታሪክ ራሱ ቀስተ ደመናውን ሰቅሎታል፣ ባርማክ ብቻ ነው አላይም ያለው። እንዲያ መስሎኝ ነበር።

የተማሪዬ ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነበር የሚለው። ቃል በቃል አላስታውሰውም፣ ሐሳቡ ግን ዛሬም አለ፦ ጓጉንቸሮቹን ታሊባን አላመጣቸውም። ሽማግሌው ቤት ከድሮ ጀምሮ ነበሩ። መንግሥት ቢቀየር ሽማግሌውም ቤቱም እዚያው ናቸው።

እኔ ይህን አላነበብኩትም። አይኔ አንብቦታል፣ እኔ አላነበብኩትም።

ልክ ነኝ ያልኩበት ምክንያት አንዱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሙያ በሽታ ነው። የሥነ ጽሑፍ ሰው ወንድ የለበሰች ሴት ስታጋጥመው ወዲያው ሼክስፒር ይታየዋል። ቪዮላ የወንድ ልብስ ትለብሳለች፣ ነገር ይደበላለቃል፣ እንስቃለን፣ በመጨረሻ ማንነቷ ሲገለጥ ሠርግ ነው። ከእኛም ወገን ስንክሳሩን የገለጠ ሰው እንባ መሪናን ያውቃታል፤ ወንድ መስላ ገዳም የገባችው፣ ያልወለደችውን ልጅ ወልደሃል ተብላ ከሳሿን ያልተከራከረችው፣ ሴትነቷ ሬሳዋ ሲገነዝ የታወቀላት። (የ“ኦሳማ” ተዋናይት ስሟ ማሪና መሆኑ አጋጣሚ ነው። ግን ይገርመኛል።) በቀልዱም በገድሉም የወንድ ልብስ መሰላል ነው፤ ለብሳው የወጣች ሴት ወይ ትዳር ወይ ክብር ታገኛለች። መገለጥ ማለት መዳን ነው።

ባርማክ ይህንን ገልብጦታል። እሱ ዘንድ ልብሱ ወጥመድ ነው፣ መገለጥ ደግሞ ፍርድ። ፊልሙም መጨረሻ ላይ ሠርግ አለው እኮ! ቪዮላም ሠርግ አላት፣ ይህቺም ልጅ ሠርግ አላት። ይህ ሁሉ ንባብ የነበረኝ ሰውዬ ሁለቱን ሠርጎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ አቅቶኝ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

በዚህኛው ዙር ሳየው ደግሞ ሌላም ነገር አየሁ። ፊልሙ ውስጥ ደግ ሰው ሞልቷል። ባለ ሱቁ ደግ ነው። እናትየው ሆስፒታል ውስጥ የምታስታምመው ሽማግሌ ልጅ ባሏ መስሎ በብስክሌት ወደ ቤቷ ያደርሳታል። ዕጣን አጫሹ ልጅ ነፍሱን ይሰጥላታል። አንድ የሴቶች ሠርግ አለ፣ ዘፈንና ጭብጨባ የደራበት፤ ታሊባኖች መጡ ሲባል በአንድ አፍታ ሠርጉ ለቅሶ ይሆናል። ሙሽራ የታቀፈ ቤት ሬሳ የታቀፈ ይመስላል። ሠርግና ለቅሶ ጎረቤት በሆኑበት አገር ያደገ ሰው ይህን ትዕይንት ሲያይ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። እና ልብ በሉ፣ የእነዚህ ሁሉ ሰዎች ደግነት አንድ ዓይነት ነው፦ መደበቅ። ማንም “ይህቺ ልጅ ሴት ናት፣ ሴት ሆና ትማር፣ ሴት ሆና ትሥራ” የሚል የለም። ማለትም አይችልም፣ ይገደላል፤ አልፈርድባቸውም። ግን ደግነት ሁሉ መደበቅ የሆነበት አገር፣ ነገ ገዢው ቢሄድ፣ ከመደበቅ ወደ ምን ይሻገራል? ወረቀት ላይ ወደ እኩልነት። ቤት ውስጥስ?

ፊልሙን አመስግኜ ብቻ አልሄድም፤ ተቺ ነኝና የምቀማው አለኝ። ባርማክ ልጅቷን አፍ አልሰጣትም። ትፈራለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሮጣለች፣ ዐይኖቿ ያለቀ ናቸው። ግን አንድም ጊዜ አታታልል፣ አንድም ጊዜ አትመልስ። እስር ቤት ውስጥ ገመድ ስትዘል የምትታይበት ምስል ባይኖር የራሷ የሆነ ምንም ነገር አናውቅላትም። ፊልሙ ሲከፈት ሰማያዊ ቡርቃ የለበሱ ሴቶች ሥራ ስጡን ብለው አደባባይ ይወጣሉ፤ በውሃ ተበትነው ይታሰራሉ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ ስለ እነሱ ግድ የለውም። እነማን ነበሩ? ማን አሰባሰባቸው? አልተነገረንም።

እውነተኛዋ አፍጋኒስታን ውስጥ ግን ነበሩ። በዚያው በታሊባን ዘመን ሄራት በምትባለው የምዕራብ ከተማ “ወርቃማ መርፌ” የተሰኘ የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ነበር። ልብስ ስፌት ለሴት አልተከለከለም። ሴቶቹ ቡርቃቸውን ለብሰው፣ ቦርሳ ይዘው ይገባሉ፤ ከላይ ጨርቅና ክር፣ ከሥር ደብተርና መጽሐፍ። የሄራት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ሙሐመድ አሊ ራህያብ በቤታቸው ሥነ ጽሑፍ ያስተምሯቸዋል፦ የፋርስን ግጥም፣ ሼክስፒርን፣ ዶስቶየቭስኪን። ልጆች ደጅ ላይ ይጫወታሉ፤ ጨዋታው ጥበቃ ነው። የሃይማኖት ፖሊስ ሲመጣ ልጆቹ ያስታውቃሉ፣ መጽሐፉ ይገባል፣ መርፌው ይወጣል። ቢያዙ ምን ይጠብቃቸው እንደነበር መገመት አያቅታችሁም።

እኔ መምህር በነበርኩበት ዘመን ክፍል ውስጥ ጠመኔ አለቀ ብዬ አኩርፌ አውቃለሁ።

ከነዚያ መርፌ ያዥ ተማሪዎች አንዷ ናዲያ አንጁማን ትባላለች። ታሊባን ሲወድቅ ሄራት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ጽሑፍ ተማረች፤ በ2005 የመጀመሪያ የግጥም መድበሏን አሳተመች። አጨራረስ የሚፈልግ ሰው ይኸውለት፣ ከምድር ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከድብቅ ደብተር ወደ ታተመ መጽሐፍ። የማርያም መቀነት ከዚህ በላይ አይዘረጋም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መጀመሪያ፣ ቤቷ ውስጥ፣ በባሏ ተደብድባ ሞተች። ባልየው መምታቱን አምኗል፣ መግደሉን ክዷል። ሃያ አምስት ዓመት ገና አልሞላትም ነበር፣ ጨቅላ ልጅም ነበራት። ባሏ ያልተማረ ሙላህ አልነበረም፤ የሥነ ጽሑፍ ምሩቅ ነበር።

ጊዜውን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነው። “ይህ የትናንት አጨራረስ ነው” ብዬ ከጻፍኩ ዓመት እንኳን በቅጡ አልሞላም።

የፊልሟ ማሪና ታሪክም ከዚህ አይርቅም። ማሪና ጎልባሃሪን ባርማክ ያገኛት ካቡል ጎዳና ላይ ስትለምን ነው። ፊልሙ ዓለም አሳያት፣ ተዋናይት ሆነች፣ አገባች። በ2015 ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ያለ ሻሽ ፎቶ ተነሣች። ፎቶው አገሯ ደረሰ፣ ዛቻው ተከተለ። ወደ ቤቷ መመለስ ስላልቻለች ፈረንሳይ ውስጥ ጥገኝነት ጠየቀች። ልብ በሉ፣ በ2015 ካቡል ውስጥ የሚገዛው ታሊባን አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ ነበር፣ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር፣ 68ቱም ወንበሮች ነበሩ። ፎቶዋን አይተው የዛቱባት ሰዎች ግን ሕገ መንግሥቱን አላነበቡትም፤ ቢያነቡትም ለነሱ የተጻፈ አልመሰላቸውም።

አንድ ሰው እዚህ ላይ “ታዲያ ምንም አልተለወጠም ልትለን ነው?” ቢለኝ፣ አይደለም እለዋለሁ። እንዲያውም ቁጣዬ ከዚያ ነው የሚነሣው። ዩኔስኮ እንደሚለው በ2001 ዜሮ ሊባል በሚችል ደረጃ ላይ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ሴት ተማሪ ቁጥር በ2018 ወደ 2.5 ሚሊዮን ደርሶ ነበር። ሐኪም፣ ዳኛ፣ ጋዜጠኛ፣ ፓይለት የሆኑ ሴቶች ወጥተዋል። ይህ ተረት አይደለም፤ ልጆቹ ጠዋት ተነሥተው፣ ቦምብ እየፈነዳ ጭምር፣ የሠሩት ነው። በግንቦት 2021 ምዕራብ ካቡል ውስጥ፣ ሰይድ አል ሹሐዳ በተባለው ትምህርት ቤት በር ላይ ከሰማንያ በላይ ሰው ሲያልቅ አብዛኞቹ ከክፍል የሚወጡ ልጃገረዶች ነበሩ። ከሞት የተረፉት ተመልሰው ለመማር ገቡ።

ከዚያ ነሐሴ 2021 መጣ። ታሊባን ካቡል ገባ። በመስከረም ወንድ ልጆች ብቻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ እንዲመለሱ ተጠሩ፤ የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንጻ ለምግባር ጠባቂው ሚኒስቴር ተሰጠ። መጋቢት 23 ቀን 2022 ለሴቶቹም ይከፈታል ተብሎ፣ ልጆቹ ዩኒፎርም ለብሰው ገብተው፣ ከሰዓታት በኋላ ውጡ ተባሉ። በታኅሣሥ 2022 ዩኒቨርሲቲ ተዘጋባቸው። በታኅሣሥ 2024 ነርስነትና አዋላጅነት የሚማሩባቸው ተቋማትም ተዘጉ። ሆስፒታል በመዝጋት የጀመረችው የባርማክ ፊልም ትዝ ትላለች። ዩኔስኮ በነሐሴ 2024 ከሁለተኛ ደረጃ የተከለከሉትን ቢያንስ 1.4 ሚሊዮን ብሏቸዋል። በአንድ ትውልድ ውስጥ ሁለት ጊዜ የተዘጋ በር።

ባርማክ ነቢይ ነበር ማለቴ አይደለም። ነቢይነት ለአርቲስት የምንሰጠው ርካሽ ሽልማት ነው። እሱ ያደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ካሜራው ፊት የቆመችውን ልጅ አይቶ፣ ያልያዘችውን ቀስተ ደመና እጇ ላይ አላስቀመጠም። ቀስተ ደመናው ቢኖር ኖሮ የሚጠቅመው ለእሷ አልነበረም፣ ለእኔ ነበር። ዲስኩን አውጥቼ፣ “እሰይ፣ አለፈላቸው” ብዬ እራቴን እንድበላ።

“ከጦርነት በኋላ” የምትለውን ሐረግ የምፈራት ለዚህ ነው። ለእኛም እንግዳ አይደለችም። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም ብዙዎቻችን ሐረጓን በአንድ ሌሊት መጠቀም ጀመርን። መጋቢት 2012 በኮሮና ክፍሏ የተዘጋባት የትግራይ ልጅ ግን ጦርነቱ ተደርቦባት ሦስት ዓመት ያህል ከደብተር ተለይታለች፤ በዚያ ዕድሜ ሦስት ዓመት ማለት ተማሪ ወጥቶ ሚስት የሚገባበት ጊዜ ነው። የአማራ ክልሉ ጦርነት ደግሞ በዚያው በ2015 ማብቂያ ተነሣና ሌላ ስንት ክፍል ዘጋ። አፍጋኒስታን ነን አላልኩም። ንጽጽሩን እዚሁ ላቁም፣ ሌላ ቀን ለብቻው ይጻፋል።

ፊልሙን ባየሁ በሳምንቱ የተማሪዬን ስልክ በጓደኞቿ በኩል አፈላልጌ ደወልኩላት። አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ታስተምራለች። ስሜን ስነግራት “ጋሼ! በሕይወት አሉ?” አለችኝ። (ይህቺን ስድብ ነው ምርቃት ሳልለይ አለፍኳት።) ስለ ወረቀቱ አነሣሁባት፣ ቀይ እስክሪብቶውን፣ ቢውን፣ “የትናንት አጨራረስ” ያልኩትን። ማርኩን አታስታውሰውም። የጻፍኩትን ግን ታስታውሳለች።

“አንቺ ልክ ነበርሽ፣ እኔ ተሳስቻለሁ” አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። “ጋሼ፣ እኔ እኮ ያኔ እርስዎ ልክ እንዲሆኑ ነበር የፈለግሁት” አለችኝ።

ቀጥላ ፊልሙን ለተማሪዎቿ ልታሳያቸው እንደምትፈልግ ነገረችኝ፣ ዲስኩ ካለኝ። ወደዚያ በሚሄድ ሰው እጅ ላክሁላት። ማጫወቻውን እንግዲህ ራሷ ትፈልግ።